ክምር ድንጋዩ ሥር ማን አለ?

የ«ጠይቁን» ዓምድ በዚህ እትም የሚመልሰው ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከዙሪያቸው ለደረሱን ደብዳቤዎች ነው። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ በሐረርጌ ኮረብቶችና በጨርጨር ተራሮች ላይ ስለሚታዩት፣ የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ «ዳጋ ቱሊ» ስለሚላቸው የድንጋይ ክምሮች። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከጭሮ ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ ከሒርና አለፍ ብሎ ተረተር ላይ ክብ የድንጋይ ክምር አየን። ሹፌሩ «ሐርላ የሚባለው የጥንት ሕዝብ መቃብር ነው» አለን። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ደግሞ «ገበሬ ከማሳው የለቀመው ነው» ብለው ተከራከሩት። ማንን ልመን? በምንስ ይለያል?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ከመኪና መስኮት ሆኖ ማንም ሊለየው አይችልም። የሐረርጌ መሬት ድንጋያማ ስለሆነ ገበሬው ማሽላ ከመዝራቱ በፊት ድንጋይ ይለቅማል፤ የለቀመውንም ወይ እርከን ይሠራበታል፣ ወይ ማሳው ዳር ይከምረዋል። የመቃብሩ ክምርና የማሳው ክምር ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ገበሬው አዲስ የለቀመውን ድንጋይ በአሮጌው መቃብር ላይ የደፋው እንደሆነ ደግሞ ሹፌሩም አባትየውም እውነት ተናግረዋል ማለት ነው።

ቀርበው ሲያዩት ከአናቱ በፊት እግሩን ይመልከቱ። በደንብ የተሠራ የመቃብር ክምር ዙሪያውን በትልልቅ ድንጋዮች ይታጠራል። እነዚህ የጠርዝ ድንጋዮች በጎናቸው ቆመው ወይም እንደ ካብ ተደርድረው የተስተካከለ ክብ ይሠራሉ፤ የሰፌድ ጠርዝ እህሉን እንደሚይዝ እነሱም መካከል የተሞላውን ድንጋይ ይይዛሉ። የማሳ ክምር እንዲህ ያለ ጠርዝ የለውም፤ እንደተወረወረ ያረፈ ነው። ብዙ ጊዜ ቅርጹ ረዘም ይላል፤ የሚገኘውም ማረሻ በሚዞርበት ጥግ ወይም በሁለት ማሳዎች ወሰን ላይ ነው። የድንጋዩ መጠንም ይናገራል። ከማሳ የሚለቀም ድንጋይ አንድ ሰው በሁለት እጁ አንሥቶ የሚወረውረው ነው፤ የመቃብሩ እግር ላይ ግን ሦስትና አራት ሰው የሚጠይቅ ድንጋይ ይገኛል።

ጠርዙ በፍርስራሽ ከተቀበረ ወደ ድንጋዩ ቆዳ ይምጡ። ረጅም ዘመን ፀሐይና ዝናብ የመታው ድንጋይ ላዩ ላይ ግራጫ፣ አልፎ አልፎም ብርቱካን የሚመስል፣ ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀ ቅርፊት ያበቅላል። ቅርፊቱ ብርሃን ስለሚፈልግ የሚበቅለው ወደ ሰማይ በዞረው ፊት ነው፤ ከታች ያለው ፊት ንጹሕ ወይም አፈር የነካው ሆኖ ይቀራል። አንድ ድንጋይ ቅርፊቱ ወደ ታች ዞሮ፣ ንጹሕ ሆዱ ወደ ላይ ከታየ በቅርብ ጊዜ የገለበጠው አለ ማለት ነው። ይህን ለማየት ድንጋዩን መንካት አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ ጥላ ያለበትን ጎን ማየት ይበቃል።

ሦስተኛው ምልክት መሐሉ ላይ ያለው ጉድጓድ ነው። ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከሥር ያለው ክፍል ጣሪያ ተደርምሷል፣ አለዚያም ሰው ቆፍሮታል። ሲደረመስ ድንጋዮቹ ከየአቅጣጫው ወደ መሐል ያዘነብላሉ፤ ጉድጓዱም እንደ ሳህን እኩል ይጎደጉዳል። ሲቆፈር ግን ቆፋሪው አፈሩንና ድንጋዩን ወደሚቀናው ጎን ስለሚወረውር ከክምሩ በአንዱ ወገን እንደ ጨረቃ የታጠፈ ሌላ ትንሽ ክምር ይተርፋል። የተቆፈረ ከመሰልዎ ከዚያ ትንሽ ክምር ምንም አያንሡ። የተቆፈረበትን ቀን ለማወቅ ባለሙያው የሚያየው እሱን ነው።

ከቅርብ ዘመን መቃብር ጋር መደባለቅም አለ። ከሐረር ሲታይ መካ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ጋደል ይላል። ሙስሊም ሟች በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ቂብላ ስለሚያዞር መቃብሩ በቁመቱ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ይዘረጋል። የክርስቲያኑም መቃብር እንዲሁ ነው፤ ራሱ ምዕራብ፣ እግሩ ምሥራቅ። ስለዚህ በእኛ አገር ምሥራቅ–ምዕራብ የተዘረጋ ጠባብ መቃብር ቢያዩ አቅጣጫው ብቻውን የማን እንደሆነ አይነግርዎትም፤ ከክቡ ጥንታዊ ክምር የተለየ መሆኑን ግን ይነግርዎታል። ዘመዶቹ በአካባቢው ሊኖሩ ስለሚችሉ ያን ጊዜ ጉብኝት ሳይሆን ፈቃድ ይቅደም።

ጥያቄ፦ አያቶቻችን «ሐርላ ግዙፍ ሕዝብ ነበር፤ ድንጋዩን በአንድ እጁ ይሸከም ነበር» ይሉን ነበር። ልጄ ደግሞ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ነው» ይለኛል። የትኛው ነው ትክክሉ?
ከሸንኮር፣ ሐረር

መልስ፦ የልጅዎ ነገር ለአንዱ ዓይነት ይሠራል፤ ለሌላው አይሠራም። በጨርጨር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንደኛው ዶልመን ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጎናቸው ቆመው፣ ከላይ በሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድነው ሣጥን የሚመስሉት። የእነዚህ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2ኛው ሺህ ዓመት ይሄዳል። ሁለተኛው ክቡ ክምር፣ ዳጋ ቱሊ ነው። ይህ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመደባል። በሁለቱ መካከል ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ያላነሰ ርቀት አለ፤ «ጥንታዊ» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለውጭው ዓለም በጽሑፍ ያስተዋወቋቸው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገሩ የተዘዋወሩት ፈረንሳዊው ካፑቺን (የካቶሊክ መነኩሴ) አባ አዛይስና ባልደረባቸው ሻምባር ናቸው። በሥርዓት ቆፍሮ ያጠናቸው ደግሞ ፈረንሳዊው ሮጀ ዡሶም ነው፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ። በጨርጨር ሱሬ ካባናዋ የተባለው ቦታ በዚህ ጥናት የታወቀ ነው።

የግዙፎቹ ነገር የሚመጣው ከድንጋዩ ትልቅነት ይመስለናል፤ ማንም ሰው ያን ድንጋይ አይቶ «ይህን ያነሣው ምን ዓይነት ክንድ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ክፍሉ የሰፋው ግን አንድ ግዙፍ ሰው ስለተኛበት ሳይሆን ብዙ ሰው በየጊዜው ስለተቀበረበት ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ሲወጣ ባለችው ሐርላ በምትባል መንደር የተካሄደው ቁፋሮም ይህንኑ ያጠናክራል። ቲሞቲ ኢንሶል የመሩትና የአገራችን የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተሳተፈበት ይህ ጥናት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ሲሆን የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጨሌና የጌጣጌጥ ሥራ ዱካ፣ ዛጎል፣ ከቻይና ድረስ የመጣ የሸክላ ስባሪ ተገኝቷል። የግዙፍ ሰው አጽም አልተገኘም። የአያቶችዎ ትረካ ግን አንድ ትልቅ እውነት ይዟል፤ ከዛሬው ነዋሪ በፊት እዚህ ሩቅ የሚነግድ፣ ድንጋይ የሚያውቅ ሕዝብ ነበር። ለልጅዎ ሁለቱንም ይንገሩት።

ጥያቄ፦ አርባ ተማሪዎች ይዤ ዳጋ ቱሊ ላሳይ አስቤአለሁ። መቼ ልሂድ? ምን ላዘጋጅ?
የታሪክ መምህር፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አርባውን ባንድ ጊዜ ክምሩ ዘንድ አያድርሱ። በአሥር በአሥር ይክፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን ሲጎበኝ ሌሎቹ ከሃምሳ ሜትር ባላነሰ ርቀት ይጠብቁ። አርባ ልጅ አንድ ክምር ከከበበ ከኋላ ያለው ለማየት ወደፊት ይገፋል፤ ከፊት ያለው ደግሞ ሲገፉት ጠርዙን ይረግጣል። ጭቃም ሲሚንቶም የሌለው ደረቅ ካብ የሚይዘው የድንጋዩ ክብደትና አንዱ ከአንዱ ጋር ያለው ፍትጊያ ብቻ ነው። አንድ ሰው ጠርዙ ላይ ሲቆም ክብደቱ ድንጋዩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንድ የጠርዝ ድንጋይ ሲወጣ ከኋላው ያለው ሙሊት ይፈስሳል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ሁለት ሦስቱ ይከተሉታል። ከላይ መቆም ይብሳል፤ ከሥር ባዶ ክፍል ካለ ጣሪያ የሆነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሰንጥቆ ልጁን ይዞ ሊወርድ ይችላል። «አትውጡ» ብቻ አይበሏቸው፣ ይህን ይንገሯቸው፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ጓደኛውን ራሱ ይከለክላል።

ወቅቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ይሁን። ከዚያ በፊት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን ክምሩን ይሸፍነዋል፣ ልጆቹም ያልታጨደ ማሳ ይረግጣሉ። ከዚያ በኋላ የበልጉ ዝናብ ይጀምራል። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ መንገድዎ በቁልቢ የሚያልፍ ከሆነ የታኅሣሥ 19 ንግሥ ያለበትን ሳምንት ይዝለሉት፤ መኪናም ማደሪያም አያገኙም። በዝናብ ወራት የግድ ከሄዱ በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አያቁሙ፣ ምሳም አይብሉ። የድሬዳዋ ሰው በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ያደረሰውን አይረሳም፤ ውኃው የሚመጣው እርስዎ ካሉበት ሳይሆን ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበው ነው፣ እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ደብዳቤ ነው። ከትምህርት ቤትዎ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቀበሌው ይሂዱ፤ ከጉዞው አንድ ሳምንት ቢቀድም ይመረጣል። ቀበሌው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይመድብልዎታል። መሬቱ የአንድ ገበሬ ይዞታ ከሆነ እሱንም በአካል ያግኙት፤ መንገዱ በጫት ማሳ መካከል ካለፈ ልጆቹ በአንድ መስመር፣ ገበሬው በሚያሳየው በኩል ይሂዱ። ሽማግሌዎችን ማነጋገር ከፈለጉ ጠዋት ይሁን፤ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው አስነሥቶ ተራራ ማስወጣት ነውር ነው። ዓርብንም ለጁምዓ ይተዉት።

የመሪውን ክፍያ ሳይነሡ በፊት ይነጋገሩ።

ከደረሱ በኋላ ድንጋዩ ላይ ጨርቅ ታስሮ፣ ዕጣን ጨሶ ወይም ቅቤ ተቀብቶ ካዩ ሥፍራው ዛሬም የሚከበር ነው፤ ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሊትር ውኃ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፤ እሾሁና ቁልቋሉ ቀላል አይደለም። ከድሬዳዋው ሙቀት ወደ ደንገጎና ቁልቢ ሲወጡ ብርዱ ስለሚቀየር ሹራብ ይያዙ። ማንም ልጅ እጁን በድንጋይ መካከል አይክተት። የሞቀ የድንጋይ ክምር ለእፉኝትና ለጊንጥ ቤት ነው። እባብ የነደፈው ልጅ ካለ አያስሩት፣ አይብጡት፣ መርዙን በአፍ አይምጠጡ፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር በእንጨት ደግፈው እንዳይንቀሳቀስ ያድርጉና ተሸክመው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ቀለበትና ሰዓት ግን ወዲያው ያውልቁለት፤ እብጠቱ ሲመጣ አይወጣም።

ምሳውን ከክምሩ ራቅ አድርጉት፤ እሳትም አታንድዱ። የጋለ ድንጋይ ሲበርድ ይሰነጠቃል፣ የእሳቱ ከሰል ደግሞ ወደ ሥር ገብቶ ከጥንቱ ከሰል ጋር ከተደባለቀ ዘመን መለኪያውን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ክምር ለክቼ መመዝገብ እፈልጋለሁ። ያለኝ ሜትርና ስልክ ብቻ ነው። ሳልወጣበት ቁመቱን እንዴት አገኛለሁ?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (ሴት)፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ያለሽ ይበቃሻል። በተጨማሪ የምትፈልጊው ሲባጎ፣ ሁለት ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ግልጽ የሃይላንድ ፕላስቲክና አንዲት ረዳት ነው።

ከስፋቱ ጀምሪ። በእግሩ የፈሰሰውን ፍርስራሽ ከጠርዙ ድንጋይ ለይተሽ ካላወቅሽ ልክሽ ሁልጊዜ ይተልቃል፤ የወደቀው ድንጋይ ክምሩን ሰፊ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያዢ፦ ከጠርዝ ድንጋይ እስከ ጠርዝ ድንጋይ፣ እና ከፍርስራሽ ዳር እስከ ፍርስራሽ ዳር። ሜትሩን በላዩ መጎተት ስለማይገባ ሲባጎውን ዙሪያውን በጠርዙ ላይ አዙሪና ርዝመቱን ለ3.14 አካፍዪው፤ ስፋቱን ታገኛለሽ። ሲባጎ በውጥረት ይለጠጣልና ለክተሽ ስትጨርሺ በዚያው ውጥረት መሬት ላይ ዘርግተሽ በሜትር ለኪው።

ለቁመቱ ሃይላንዱን ግማሽ ድረስ በውኃ ሙዪው፣ ክዳኑን ዝጊ፣ በጎኑ አጋድመሽ ዓይንሽ አጠገብ ያዢው። የውኃው ፊት ግንበኞች እንደሚጠቀሙበት ውኃ ልክ ያገለግልሻል። ቅርብና ሩቅ ያለው የውኃ ጠርዝ አንድ መስመር እስኪሆን አስተካክዪና በዚያ መስመር ወደ ክምሩ እዪ። መስመሩ ከአናቱ በላይ ካለፈ ቀስ እያልሽ ዝቅ በዪ፤ መስመሩ አናቱን ሲነካ ረዳትሽ ከዓይንሽ እስከ መሬት ያለውን ትለካ። ያ ቁጥር አንቺ ከቆምሽበት ወገን የክምሩ ቁመት ነው። መሬቱ ቁልቁል ከሆነ ከላይኛውና ከታችኛው ወገን የሚገኙት ቁጥሮች ይለያያሉ፤ ሁለቱንም ጻፊ፣ አማካይ ብቻ አትጻፊ። አንባቢው ተዳፋቱን የሚረዳው ከልዩነቱ ነው።

ክምሩ ከዓይንሽ በላይ ከሆነ ወደ ፎቶ ሂጂ። ሁለት ሜትሩን እንጨት ተክለሽ በአንድ ፎቶ አንሺና ከእንጨቱ ጋር አመዛዝኚ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት እንጨቱን ከክምሩ ፊት ለፊት፣ ወደ ካሜራው አስጠግተው በማቆማቸው ነው። የቀረበ ነገር ትልቅ ስለሚታይ እንጨቱ ይረዝማል፣ ክምሩ ያጥራል። እንጨቱን በክምሩ ጎን፣ ከመሐሉ ጋር እኩል ርቀት ላይ አቁሚው፤ አንቺም ከክምሩ ስፋት አምስት እጥፍ ራቂና በስልኩ ማጉያ አቅርበሽ አንሺ።

ፎቶ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ወይም ከቀኑ 10፡30 በኋላ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለሌለ ዝቅ ያለው ጠርዝ አይታይም፤ ጎን ለጎን የሚመጣ ብርሃን ግን አንድ ጣት የማይሞላ ብልጫ ሳይቀር ያሳያል። ከአራቱም ማዕዘን አንሺ፤ በየፎቶው ውስጥ ወደ ሰሜን የሚያመለክት ነገር ይኑር።

የስልክሽ መገኛ ጠቋሚ እንደበራ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ቁጥር አትውሰጂ፤ ክፍት ሰማይ ሥር ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ ያዢው። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ሜትር ይሳሳታል፤ ሁለት ክምሮች ከተቀራረቡ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ጽሑፍሽን በይነመረብ ላይ ስታወጪ ይህን ቁጥር አታስገቢ፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለአማካሪ መምህርሽ ብቻ ስጪ። ወርቅ ፈላጊ ካርታ ያገኘ ዕለት ዶማውን ይዞ ይወጣል።

ጃርት የቆፈረው ጉድጓድ ካገኘሽ አፉ ላይ የወጣውን አፈር ተመልከቺ። ጃርቱ ከሥር ገል፣ ጨሌ፣ የአጥንት ስባሪ ሊያወጣ ይችላል። ብዕር አጠገቡ አኑረሽ ፎቶ አንሺውና እዚያው ተዪው።

ጥያቄ፦ የቤት መሠረት ስናስቆፍር ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ ከሥራቸው አጥንትና አንድ ትንሽ እንስራ ወጣ። ሠራተኞቹ ፈርተዋል። ምን እናድርግ?
ከደንገጎ አካባቢ

መልስ፦ እዚያ ላይ ቁፋሮውን ዛሬውኑ ያቁሙ። ሌላው የግቢው ክፍል ላይ ሥራ መቀጠል ይቻላል። አጥንቱ ቅርብ ጊዜ የተቀበረ ከመሰለ፣ ማለትም ልብስ፣ ከፈን ወይም ሥጋ ካለው፣ ነገሩ የፖሊስ ነው። ካልሆነ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ወይም በሌላ ሥራ ምክንያት ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርንም ይከለክላል።

እስኪመጡ ድረስ ጉድጓዱን በሸራ ወይም በቆርቆሮ ይክደኑት፤ ላስቲክ በቀጥታ አጥንቱ ላይ አያንጥፉ፣ ላብ አጠራቅሞ ያሻግተዋል። እንስራው መሬት ውስጥ ካለ አያውጡት። ቀድሞ ወጥቶ ከሆነ በውስጡ ያለውን አፈር አያራግፉ፣ አይጠቡትም። ምን እህል ወይም ምን መጠጥ እንደያዘ የሚያውቁት ከዚያ አፈር ነው። በፌስታል አስረው ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም አይገባም። ዘመናትን በእርጥብ አፈር ውስጥ የኖረ ሸክላ በአንድ ቀን ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ በራሱ አፈር ተከብቦ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጨሌ በረድፍ ተኝቶ ካገኙ እንደተኛ ፎቶ አንሡት። ክሩ ቢበሰብስም የተሰካበት ቅደም ተከተል አሁንም መሬቱ ላይ አለ፤ ለቅመው በኩባያ ካጠራቀሙት ግን የአንገት ይሁን የእጅ ጌጥ ማንም ሊነግርዎ አይችልም።

ሠራተኞቹ ስለ ፈሩት ነገር የአካባቢውን ሽማግሌዎች ወይም የሃይማኖት አባት ጠርተው ዱዓ ወይም ጸሎት ቢያስደርጉ ለቅርሱ አንዳች ጉዳት የለውም። ሰውም ልቡ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ አካባቢ ከሰው የሚበልጡ ቀያይ ክምሮች አየን፤ መቃብር ናቸው?
ከአራተኛ፣ ሐረር

መልስ፦ ኩይሳ ናቸው። ድንጋይ የሌለው፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ ቀይ አፈር፣ ሾጣጣ አናት ያለው ሁሉ የምስጥ ሥራ ነው። በዳከታ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙት ቋጥኞችም የሰው እጅ የለባቸውም፤ ዝናብና ነፋስ ለዘመናት የሸረሸራቸው ናቸው። መጠለያው ውስጥ ግን ያለ ጠባቂ በእግር አይግቡ፤ ዝሆኑ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲቆም ከሃያ እርምጃ ላይ እንኳ አይታይም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሆላንድ ትኖራለች፤ በመጪው ሚያዝያ ልጠይቃት እሄዳለሁ። ቤቷ አጠገብ ባለው ጥብቅ ሜዳ «የጥንት መቃብር ጉብታ» አለ ትለኛለች። የእኛውን ዓይነት ነው? ምን ልይ?
ከጁገል፣ ሐረር

መልስ፦ ጉብታነቱ አንድ ነው፤ ሥሪቱ ግን ሌላ ነው። ያ ሜዳ አሸዋማና ድኻ አፈር ላይ ያለ ቁጥቋጦማ መሬት ነው። የሚሸፍነው ተክል የእኛ አስታ ዘመድ ነው፤ ቁመቱ ግን ከጉልበት አያልፍም፣ በበጋቸው ማለቂያ፣ ነሐሴ አካባቢም ሐምራዊ ያብባል። ሜዳው በራሱ የተፈጠረ አይደለም፤ ሰው ደኑን መንጥሮ፣ በግ አሰማርቶ ክፍት ያቆየው ነው። ግጦሹ ከቆመ ዛፍ መልሶ ይወርሰዋል፤ ስለዚህ ዛሬም በግ ያሰማሩበታል፣ ችግኙን ይነቅላሉ። ጉብታው ላይ የበቀለን ዛፍ ግን ከመሬት እኩል ይቆርጡታል እንጂ አይነቅሉትም፤ ሥሩ ሲነቀል ጉብታውን ይዞ ይወጣል።

እዚያ ሜዳ ላይ ድንጋይ እንደ ልብ ስለማይገኝ ጉብታውን የሠሩት ሣር ከነአፈሩ በጡብ መልክ እየቆረጡ በመከመር ነው። ብዙዎቹ ከአራት ሺህ ዓመት ወዲህ፣ በነሐስ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የእኛው ካብ ክፍል አጥንቱን ያቆያል፤ የእነሱ አሸዋ ግን አሲድነት ስላለው አጥንቱን ያሟሟዋል። ቆፋሪው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አሸዋው ላይ የቀረ የሰው ቅርጽ ጥላ ብቻ ነው፤ በዶማ አንዴ ከተጫረ ያ ጥላ የለም። በአገሩ ደቡብ፣ ሰሜን ብራባንት በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ቶተርፉት የሚባል ቦታ ከ1948 እስከ 1951 (እ.ኤ.አ.) ተቆፍረው የተጠገኑ ጉብታዎች አሉ፤ ዙሪያቸውን የቆሙት እንጨቶች ጥንት ምሰሶ የነበረበትን ቦታ ያሳያሉ። ከቻሉ እሱን ያሳይዎት። የእኛን ዶልመን የሚያስታውስ ነገር ከፈለጉ ደግሞ በአገሩ ሰሜን ወዳለው ድሬንተ ክፍለ ሀገር ይሂዱ፤ በሆላንድ ከቀሩት 54 ትልልቅ የድንጋይ መቃብሮች 52ቱ እዚያ ናቸው።

ከመጋቢት 15 እስከ ሐምሌ 15 (እ.ኤ.አ.) ወፎች መሬት ላይ የሚፈለፍሉበት ጊዜ ስለሆነ ከመንገዱ አይውጡ፤ የልጅዎ ውሻ ካለም በገመድ ይያዝ። ሲመለሱ ከጉልበት በታችና ብብት ሥር መዥገር ይፈልጉ። ካገኙ በወረንጦ ቆዳው ጋ ይዘው ቀጥ አድርገው ያውጡት፤ ዘይት አይቀቡት፣ አያቃጥሉት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ቦታው ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ክምሩ አጠገብ ልጆች ጨሌና የአምባር ስባሪ ይዘው ሊሸጡልን መጡ። አሳዘኑኝ፤ ብገዛቸው ነውር አለው?
ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አይግዙ። ዛሬ አሥር ብር ያገኘ ልጅ ነገ ታላቅ ወንድሙን ከነዶማው ይዞት ይመጣል። ልጆቹን መርዳት ከፈለጉ መንገድ ስላሳዩዎት ወይም ውኃ ስላመጡልዎት ይክፈሏቸው። ስለ ጨሌው ግን «የት አገኛችሁት?» ብለው ይጠይቋቸው፤ አብረው ይሂዱና ቦታውን ያሳዩዎት፤ ጨሌውን በልጁ መዳፍ ላይ እንዳለ፣ ቦታውንም ለብቻው ፎቶ ያንሡ። የልጁ ወላጅ ወይም የቀበሌው ሰው ባለበት ጨሌው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን ላዩ ላይ ተጽፎ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዲሰጥ ያድርጉ። እርስዎ ይዘውት አይሂዱ፤ ለማስረከብ አስበው ቢሆን እንኳ።